የአሰቡ ፒስተን

ሙህዲን ይማም ከትንሿ ድልድይ ሥር፣ በደረቀው ጅረት ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ከበላዩ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ከሚሴ ሁሉ በድምፅዋ የሚያውቃት ያቺ አሮጌ የጣሊያን ሞተር ሳይክል መሪዋ ተጣሞ፣ የፊት መብራቷ ረግፎ በጎኗ ተጋድማለች። ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ የሚሄደው ሰው አህያውንም ፍየሉንም ትቶ ድልድዩን ከቧል። ዘመኑ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበርና ሰው ከሬሳው ይልቅ የፈራው ከሬሳው በኋላ የሚመጣውን ነው። ሟቹ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ሊቀመንበር ዝም ብሎ አይሞትም፤ ገዳይ ይፈለግለታል።

የከተማዋ ፖሊስ መርማሪ ሃምሳ አለቃ ጀይሉ ሲደርስ ገዳዩ ተፈልጎ ተገኝቶ፣ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ነበር። ጀይሉ ቀጠን ያለ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ፣ ዋናውን ጥያቄ ትቶ ዳር ዳሩን የሚዞር ሰው ነው። በሕይወቱ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የሚያምነው በቅሎውን ብቻ ነው። ባልደረቦቹ በዚህ ሲቀልዱበት እሱም አብሮ ይስቃል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አብደላ ነገሩን በአጭሩ ቋጨለት። ሞተሩን የጠገነው መካኒኩ ዑመር ነው። በዋናው ፒስተን ፈንታ በአሰብ ወደብ የገባ፣ አስመስሎ የተሠራ ብረት ከተተበት። ፒስተኑ ሴሊንደሩን ነክሶ ተጣበቀ፣ ጎማው ቀጥ አለ፣ ሊቀመንበሩ ተወርውሮ ሞተ። ይህ የእጅ ስህተት አይደለም፤ አሻጥር ነው።

«ዛሬ ከቀትር ወዲያ፣ ከአስር ሶላት በኋላ መኪና ወደ ደሴ ይሄዳል» አለ አብደላ። «ዑመር በዚያ ይሄዳል። አንተ ወረቀቱን ብቻ አሟላ።»

 በዚያ ዓመት አሻጥር በሚል ቃል ወደ ደሴ የተጫነ ሰው ልብሱ እንኳ አይመለስም ነበር። ዑመርን ደግሞ ጀይሉ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ያልሠራውን ሠራ ብሎ መፈረም አልሆነለትም።

አደጋው ሲሆን አየሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሸለቆው ያለው የመንግሥት እርሻ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አደም። ገበያተኛው ሲደርስ አደም ብቻውን ከድልድዩ ላይ ቆሞ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይጮህ ነበር አሉ።

«በዐይኔ በብረቱ አየሁት፣ ሃምሳ አለቃ» አለ አደም ድምፁ እየተቆራረጠ። «ከቁልቁለቱ እንደ ነፋስ ሲበር መጣ። ሞተሩ ሲጢጥ አለና ጸጥ። ያ የአሰቡ ፒስተን ነክሶ ያዘው። ሰውየው በመሪው ላይ ተወርውሮ ቁልቁል ሄደ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

«በጣም ይፈጥን ነበር?»

«ወላሂ፣ ሸሚዙ ከኋላው ይውለበለብ ነበር።»

ጀይሉ ወደ ጅረቱ ወረደ። የሟቹ ራስ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። እጆቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። መዳፎቹ ላይ ከዘይት ጥቁረት በቀር ጭረት የለም፤ ክርኑም ጉልበቱም ደህና ነው። ብድግ ብሎ ወደ ሞተሯ ሄደና በሰዎቹ እርዳታ አቆማት። ከገበያተኞቹ አንዱ፣ ለማስነሳት ሞክረው እንቢ እንዳለቻቸው ነገረው።

«ማስነሻውን ስትረግጡት ወረደላችሁ ወይስ ደረቀ?»

«መውረዱን ወርዷል። አልነሳ አለች እንጂ።»

ጀይሉ የቤንዚን ታንከሯን ሲወዘውዘው ቤንዚኑ ተንቦጫረቀ። በጎኗ ተኝታ ብትቆይም መሬቱ ላይ ጠብታ አልፈሰሰም። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው ቁልፍ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ከዚያ የቤንዚን መስጫውን እጀታ ጠመዘዘው። ሩብ ያህል ዞረና ቆመ። ደግሞ ሞከረው፤ እዚያው ላይ ቆመ። ከመቀመጫዋ ጎን በተንጠለጠለችው የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ አንድ ጨርቅ ብቻ አገኘ፤ በመካከሉ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ የዘይት አሻራ አለበት። የተጠቀለለበት ዕቃ ግን የለም። ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተና በቅሎው ላይ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ሰዓዲያ ሱቅ ነበር። ሰዓዲያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የመለዋወጫ ሱቁን ብቻዋን ይዛ የምታስተዳድር፣ የቡሎንን ልክ በዐይን ብቻ አይታ የምታውቅ ሴት ናት። መርማሪውን ስታይ የያዘችውን ሰንሰለት ሳታውቀው ለቀቀችው።

«አካም ቡልተ፣ ሰዓዲያ» ሲል በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አላት።

«ናጋ፣ ሃምሳ አለቃ። ሰላም ከተባለ።»

ስለ ሬሳው አልጠየቃትም። ለእንዲህ ያለች አሮጌ ሞተር ፒስተን እንዴት እንደሚመረጥ ጠየቃት። ሰዓዲያ ተገረመች፤ ቢሆንም ስለ ዕቃ ሲወራ ፍርሃቷ ቀለለላት። ዋናው ከንጉሡ ዘመን ወዲህ አገር ውስጥ አልገባም አለችው። የቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ አንድም በአሰብ በኩል የሚመጣውን አስመስሎ የተሠራ መግዛት፣ አንድም መጠኑ የሚቀራረብ የሌላ ሞተር ፒስተን ፈልጎ ሴሊንደሩን በቶርኖ አስፍቶ ማስገባት። የአሰቡ መልኩ ያምራል፤ ብረቱ ግን ሲሞቅ ያብጣል። መካኒኩ ቦታ ካልተወለትና መጀመሪያ መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ካልተነዳ ይነክሳል።

«ዑመር ይህን ያውቃል?»

«ዑመር? አዲስ ፒስተን ያስገባበትን ሞተር የሚያስሮጥ ሰው ሲያይ ሆዱን ያመዋል። ባሌን ዕንቁላል እንደ ተሸከምክ ንዳ እያለ መድረሻ ያሳጣው ነበር።»

ከዚያ ነገሩ መጣ። ሙህዲን በፊት ወደ ሱቋ መጥቶ የአሰቡን ፒስተን በጥፍሩ ኳ ኳ አድርጎ፣ የተሻለ አግኝቻለሁ ብሎ ጥሎባት ሄዶ ነበር። ይህን ሱቁ ሞልቶ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ባለፈው ሳምንት ግን ብቻውን፣ ፊቱን ጥሎ ተመለሰና ያንኑ ገዛ።

«ዋጋ ሳይከራከር ነው የገዛው» አለች። «ሙህዲን እኮ ነው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይከራከር የማይቀበል።»

«መግዛቱን ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ዕቃው ኮንትሮባንድ ነው እንዳይሉኝ በሻሼ ሸፍኜ ነው የሰጠሁት። እሱም ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ።»

ጀይሉ አመስግኗት ወጣ። በቀበሌው እስር ክፍል ዑመር መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ስለ ፒስተኑ ሲጠየቅ አልተደናገጠም። ሙህዲን መጀመሪያ ያመጣለት የውሃ ፓምፕ ፒስተን እንደነበር፣ ዕቃው አንደኛ እንደሆነ፣ ነገር ግን የተቀረጸው ቁጥር በሞረድ ተፍቆ እንደነበር ተናገረ።

«ሴሊንደሩ ላይ ለካሁት፤ በትንሽ ሥራ ይገባል። እንደ ልማዴ የፊቱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አናቱ ላይ ጫርኩበት። ከዚያ ሙህዲንን፣ ይህ የመንግሥት ዕቃ ነው፣ ቁጥሩን የፋቀው ሰው የሚፈራው አለው አልኩት። ልብሱን ገፈውት ገበያ መሃል ያቆሙት መሰለ። ጠቅልሎ ይዞት ሄደ፤ በማግስቱ የአሰቡን አመጣ።»

«የአሰቡን ማስገባትህን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። ጋራዡን ዘግቼ ነው የሠራሁት።»

«ደህና። የቤንዚን መስጫው እጀታስ ለምን ሩብ ዞሮ ይቆማል?»

 እስከዚያ ድረስ ቀና ብሎ ሲናገር የነበረው ሰው ዐይኑን ወደ ታሰረው እጁ መለሰ።

«እሱን አይጠይቁኝ፣ ሃምሳ አለቃ። በአላህ ይዤዎታለሁ። እሱን ካነሱ ዛሬውኑ አለቀልኝ።»

ጀይሉ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዞረ። ሰው የሚገድል ፒስተን አውቆ የገጠመ ሰው ቢሆን ኖሮ በፒስተኑ ጥያቄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህ ግን የፈራው ሌላ ነገር ነው። አብሽር፣ አይዞህ ብሎት ወጣ።

በለቅሶው ቤት የሙህዲን ሚስት ዘይና በሴቶች መካከል ተቀምጣለች። ፊቷ ደርቋል፤ ዕንባው ገና አልመጣላትም። ጀይሉ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን እንዲሰጣት ተመኘላትና ትናንት ባሏ ምን ይል እንደነበር ጠየቃት።

«ዑመርን ሲረግም ነበር» አለች። «ሞተሩ ጉልበት የለውም፣ ይሄ ሰው አርጅቷል፣ በቅሎ ትቀድመኛለች ሲል። እኔም ሳቅኩበት። ሃምሳ አለቃ፣ የመጨረሻ ያደረግኩት ነገር ሳቅ ነው።»

 ሙህዲን በቀጣዩ የማኅበሩ ስብሰባ ግለሂስ አደርጋለሁ ብሏት ነበር። በዚያ ዘመን ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ራሱ ሲናገር ግለሂስ ይባል ነበር፤ ለጥቂቱ ምሕረት፣ ለብዙው መቃብር አስገኝቷል። ምን አጥፍተህ ስትለው፣ የሕዝብ ዕቃ ሳላውቅ እጄ ገብቷል አላት።

«ዕቃውን ይዤ መጀመሪያ የሰጠኝን ሰው ላግኘው አለ። ከጀርባው ከምናገር አብሮኝ ቢናዘዝ ይሻላል አለ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። የሰው ስም በሌለበት አያነሳም ነበር።»

ሬሳው እኩለ ቀን ላይ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ሲቀበር ከሚሴ ሁሉ ወጣ፤ አደምም ከቃሬዛው እጁን ሳያነሳ ተሸከመ። ጀይሉ ግን በቀብሩ ላይ አልታየም። ሰው ታዘበው። እሱ በዚያ ሰዓት በእርሻው ግምጃ ቤት በር ላይ ነበር። ቁልፉ ከአደም ወገብ ስለማይወርድ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጓጉንቸሩን አሰበረለት። ሲመለስ የኮቱ አንድ ኪስ ወደ ታች ተጎትቶ ነበር።

ከአስር ሶላት በኋላ ሁሉም በዑመር ጋራዥ ፊት ለፊት፣ በግራሩ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። የደሴው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። አብዮት ጥበቃዎቹ ዑመርን አምጥተው ከመኪናው ፊት አቆሙት። ሰዓዲያ አለች፤ አደም አለ፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አለ። የተጣመመችው ሞተር መሃል ላይ ቆማለች።

«መኪናው ይጠብቃል፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ» አለ አብደላ። ጠጋ ብሎ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከተሳሳትክ መኪናው ላይ ለሁለት ሰው ቦታ አለ» አለው።

ጀይሉ ይህን በሚገባ ሰምቷል። መፋቂያውን ከአፉ አወጣና የዑመር እጅ እንዲፈታ ጠየቀ።

«ዑመር፣ እጀታው ለምን ሩብ ዞሮ እንደሚቆም እንይ፤ የካርቡራቶሩን ክዳን ክፈትልኝ።»

ዑመር አልተንቀሳቀሰም። ተስፋ የጣለበት ሰው ራሱ ገመዱን ያጠበቀበት መሰለው። «እርስዎም?» አለ ቀስ ብሎ። ጀይሉ በዐይኑ ብቻ ክፈት አለው። ዑመር ክዳኑን ፈትቶ፣ ከውስጡ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አውጥቶ በመዳፉ ያዘ። ተሞርዳ የተስተካከለች የበሬ ቀንድ ቁራጭ ነበረች።

«ይኸው አሻጥሩ» አለ አብደላ። ሕዝቡም አጉረመረመ።

«ይህቺ ምን ትሠራለች?» አለ ጀይሉ፤ ጉርምርምታውን እንዳልሰማ ሆኖ።

ዑመር ካለቀልኝ ልናገር ያለ ይመስላል። «ቤንዚን የሚከፍተው ብረት ከሩብ በላይ ከፍ እንዳይል ታግደዋለች። የአሰቡን ፒስተን አላመንኩትም። ሙህዲን ደግሞ መብረር ይወዳል፤ ቀስ በል ቢሉት አይሰማም። ሳልነግረው ከተትኳት። ፒስተኑ ሲለማመድ ላወጣት ነበር። ቀንድ ያደረግኩት ቤንዚን ስለማይበላው ነው። በሞተሩ ጉሮሮ ባዕድ ነገር ከተትኩ ብዬ ለማን እናገራለሁ?»

«ለማንም። መልሳት» አለ ጀይሉ። «ከዚያ አስነሳት።»

ዑመር ቁራጯን መልሶ ክዳኑን ገጠመ፤ ጎንበስ ብሎ የቤንዚኑን ቁልፍ ከፈተና ማስነሻውን ረገጠ። ሁለተኛው ላይ ሞተሯ ተነሳች፤ ያ ከሚሴ የሚያውቀው ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። ከሴቶቹ አንዷ አለቀሰች። ጀይሉ የደሴውን መኪና ሹፌር ጠርቶ የቻለውን ያህል እንዲነዳት አዘዘው። ሹፌሩ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በሜዳው ላይ ሲያዘግም፣ ውሃ የጫነች አህያ ከጎኑ እኩል ሄደች። አንዳንዱ ሰው ሳያስበው ሳቀ፤ አብደላ ግን አልሳቀም።

«አንደኛ» አለ ጀይሉ፣ «ይህች ሞተር አልነከሰችም። ነክሳ ቢሆን ኖሮ ማስነሻዋም ባልወረደ፣ አሁንም ባልተነሳች። ሁለተኛ፣ እንደ ነፋስ አልበረረችም፤ መብረር አትችልም። ሚስቱም ትናንት ጉልበት የላትም ሲል ሰምታዋለች። ሦስተኛ፣ ስናነሳት የቤንዚኑ ቁልፍ ተዘግቶ ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሚገኝበት ዘመን ባለ ሞተር ሁሉ ሲያቆም መጀመሪያ ያንን ይዘጋል። በአየር ላይ ያለ ሰው ግን አይዘጋም። ሙህዲን ድልድዩ ላይ በፈቃዱ ቆሟል፤ ሊያወራ ቆሟል። አራተኛ፣ የሚወድቅ ሰው እጁን ያስቀድማል፤ የእሱ መዳፍ ግን አልተጫረም። ከኋላው ተመታ፣ ወደ ታች ተገፋ፣ ሞተሯም ተገፍታ ተጋደመች። ስለዚህ በዐይኔ በብረቱ አየሁ ያለን ሰው ያላየውን ነግሮናል።»

ሰው ሁሉ ወደ አደም ዞረ። አደም ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እሩቅ ነበርኩ፣ ሃምሳ አለቃ። ዐይን ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል። ጓድ አብደላ፣ ፒስተኑ የአሰብ መሆኑን ማን ነገረህ?»

አብደላ ወደ አደም እያየ፣ «እሱ ነው፤ አደም» አለ።

«ለኔም የነገረኝ እሱ ነው። ሰዓዲያ በሻሽዋ ሸፍና ነው የሸጠችው። ዑመር ጋራዡን ዘግቶ ነው የገጠመው። ከተማው የሚያውቀው ሙህዲን የተሻለ ማግኘቱን ነው። አደም፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው የአሰቡ መሆኑን ሊነግርህ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የነገረህም ዛሬ፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ነው።»

ጀይሉ ከኪሱ ያን በክብ ዘይት የተነከረ ጨርቅ አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋው። ከሌላው ኪሱ በግራሶ የተለወሰ ፒስተን አወጣና ጨርቁ ላይ አስቀመጠው። ክቡ ከክቡ ጋር ልክ ገጠመ።

«ከግምጃ ቤትህ መደርደሪያ ላይ፣ ከፓምፑ ዕቃዎች መካከል ያገኘሁት ነው። የንብረት ቁጥጥር ሊመጣ ስለሆነ ቦታው ባዶ እንዳይታይ ከድልድዩ እንደ ተመለስክ መለስከው። ወንዝ ብትጥለው ማን ያገኘው ነበር? የዕቃ ቤት ሰው ሆንክና መደርደሪያህ እንዲጎድል አልሆንልህ አለ። ግራሶ ስትቀባው ደግሞ አናቱን ልብ ብለህ አላየኸውም።» በአውራ ጣቱ ግራሶውን ጠረገው። ከሥሩ በሹል ብረት የተጫረች ትንሽ ቀስት ታየች። «ዑመር፣ ይህች የማን ናት?»

«የኔ ናት» አለ ዑመር። 

 አደም ፒስተኑን እያየ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር መወዳጀት ፈልጌ ነው የሰጠሁት» አለ። «ዛሬ ይዞት መጣ። አብረን እንናዘዝ፣ ሕዝብ ይቅር ይለናል አለኝ። ለመንኩት። እሱን ይምሩታል፤ እኔን ማን ይምረኛል? ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሞተሩ ሲሄድ… ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

 አብደላ ራሱ አቀርቅሮ ነበር። ቀጥሎ አብዮት ጥበቃዎቹ ለዑመር ባመጡት ገመድ አደምን አሰሩት፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ሲጠብቅ የቆየው መኪና እሱን ጭኖ ወደ ደሴ ሄደ። ጀይሉ አቧራው እስኪረጋ አየው። ደስ አላለውም፤ አንድ ሰው ማትረፉን ግን ያውቃል።

ዑመር የቀንዷን ቁራጭ ከሞተሯ መልሶ አውጥቶ ኪሱ ከተተና፣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ ለቅሶው ቤት ልግባ አለ። ጀይሉ አብሮት ሄደ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ዘይና ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር። እጇን ብቻ ዘረጋች። ዑመር የቀንዷን ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ይህች ናት ያዳነችህ?» አለችው።

«አዎ» አለ ዑመር። «ያስገባኋት ግን እሱን እንድታድንልኝ ነበር።»

ዘይና ጣቶቿን አጠፈች። ቀኑን ሙሉ አልመጣም ያላት ዕንባ ያን ጊዜ መጣ።